ከአግዳሚው እስከ በሩ ሃያ ሁለት እርምጃ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ጥቅምት 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

«የዚህ ሰውዬ ጽሑፍ እንዲታይ እንጂ እንዲነበብ አልተጻፈም።»

ይህን ያለው ትናንት አውቶቡስ ተራ፣ እኔ በጻፍኩት የትኬት ቢሮ ታፔላ ሥር የቆመ መነጽር ያደረገ ሰው ነው። መምህር ሳይሆን አይቀርም። ከኋላው ነበርኩ፤ እንዳላሳፍረው ብዬ ማንነቴን አልነገርኩትም። ታፔላ መጻፍ ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከተማረ ሰው እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም። ሱቄን በጊዜ ዘጋሁና ላንቺ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ሰላምታው መቅደም ነበረበት። ልጄ አስቴር፣ እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱስ እንዴት አድርጎሻል? ሲያወጣሽ ያልተለየሽ ጌታ ባሕር ማዶም ከደጅሽ አይራቅ። እኛ ደኅና ነን፤ ደኅና መባል ያለበት ሁሉ ደኅና ነው። እናትሽን ከቀበርን አራት ወር አለፈ። ጨንቻ ያለው ቤቷ ተዘግቷል። እንሰቷን ጎረቤቷ ኦይታ ይኮተኩተዋል። ባለፈው ወጥቼ አየሁት፤ ሰውዬው የሷን እንሰት ከራሱ አስበልጦ ይዞታል። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም።

ስለ ትምህርትሽ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። ሰው በአደባባይ መንገዱን እንዳይስት፣ ከሩቅ የሚነበብ ፊደል መቅረጽ በኮሌጅ ይሰጣል ብዬ ለእድራችን ሰዎች ብነግራቸው፣ ላቀው የተባለው ልብስ ሰፊ «ታዲያ አንተ ሳትመረቅ ነው እንዴ ስታሳስተን የኖርከው» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ዘጠኝ ዓመት ሆኖሽ ለትምህርት ከጨንቻ ወርደሽ እኔ ቤት ስትገቢ፣ የመጀመሪያውን ብሩሽ ያስጨበጥኩሽ እኔ መሆኔን ግን ለሆላንዶቹ ንገሪልኝ።

የጠየቅሽኝን ፎቶ አንሥቻለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ታፔላ ነው። ጫሞ ዳር ያለው የአሣ ቤት ላይ አሣው ከጀልባው የበለጠው ባለቤቱ ስላዘዘኝ ነው፤ እኔ ልኩን አውቃለሁ። እናትሽ ያረፈችበትን ክሊኒክ ጽሑፍ ግን ፊልሙ ስላለቀብኝ አላነሣሁትም።

ባላስቸግርሽ፣ ቁጥር ስድስት ብሩሽ ላኪልኝ፤ ጠጉሩ የማይነቀል። የዚህ አገሩ ፊደሉ ላይ ጺም እየተከለ አስቸግሮኛል።

የእናትሽ የአክስት ልጅ፣
አጵሎስ


አርንሄም፣ ሆላንድ
ኅዳር 18 ቀን 1989 ዓ.ም.

በአባት ፈንታ ላሳደጉኝ ለጋሽ አጵሎስ፣

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ እጅዎንም አያስንፍብኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት ፖስታውን ሳልከፍተው ቆየሁ። እዚህ ስሜን በኛ ፊደል የሚጽፍልኝ ሌላ ሰው የለምና ከላይ ያለውን ደጋግሜ ሳነብ ነበር።

የዚህ አገር ሰው መንገድ አይጠያየቅም። ባለፈው ሳምንት ባቡር ጣቢያው ውስጥ ግማሽ ቀን ተቀምጬ ቆጠርኩ። ሌላ ሰው አስቁሞ የጠየቀ ሦስት ሰው ብቻ ነው፤ አንዷ እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ ቀና ይላል፣ ያነባል፣ ይሄዳል።

መምህሬ ከፊደላችን አንዱንም አያውቅም። ይህ ይጠቅምሻል ይለኛል፤ ምን እንደሚል ስለማያውቅ እንዴት እንደሚታይ ብቻ ያያል። መጀመሪያ ያስተማረኝ ጥቁሩን ትቼ በጥቁሩ መካከል ያለውን ነጭ ማየት ነው። ነጩ ከጠበበ ፊደሉ ከሩቅ ይደፈናል። የ«ኛ» ቆብ ከገላው ይጣበቅና «ና» ይሆናል፤ የ«ድ»ን ጭረት ርቀት ይበላዋል። «ድንገተኛ» የሚለውን ቃል እስካሁን መቶ አርባ ጊዜ ስዬዋለሁ።

ለምን ያን ቃል እንደመረጥኩ ያውቃሉ። የአጥቢያችን ጸሐፊ ወልደየሱስ ከቀብሩ በኋላ ሁሉንም ጽፎልኛል። አራት ጎረቤቶቻችን እማዬን በቃሬዛ እስከ መኪናው መንገድ ተሸከሟት። ከዚያ ያሳፈራቸው ፒካፕ አርባ ምንጭ ክሊኒኩ በር ላይ አውርዷቸው ተመለሰ። ግቢው ውስጥ ሦስት በር አለ፤ ከየበሩ በላይ ጽሑፍ አለ። እነሱ ብዙ ሰው የተቀመጠበትን አግዳሚ አይተው ተቀመጡ፤ ቃሬዛውን እግራቸው ሥር አኖሩት። ለካስ የሕፃናት ክትባት ወረፋ ነበር። ሁለት ሰዓት ጠበቁ። ነርሷ ቡልኮውን ገልጣ ስታይ እማዬ አልፋለች። ሐኪሙ ትርፍ አንጀት ነው፣ እንደደረሰች ባገኛት ኖሮ አተርፋት ነበር ብሏል።

ጋሼ፣ ያ ጽሑፍ ቢነበብ ኖሮ እናቴ ዛሬ አለች። እዚህ የምሠራው ይኸው ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር ስድስት የሙከራ ወረቀት ልኬያለሁ። ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ ሰው ከሩቅ እየቀረበ ሲመጣ በስንተኛው እርምጃ እንደሚያነበው ይመዝግቡልኝ። ከእርስዎም ሥራ አንድ አጠገቡ ይስቀሉ፤ ለማነጻጸር ነው። የክሊኒኩ ጽሑፍ ደግሞ ምን እንደሚመስል፣ ማን እንደጻፈው ይንገሩኝ። ብሩሹን እየፈለግሁ ነው።

ልጅዎ አስቴር


አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ጥር 21 ቀን 1989 ዓ.ም.

ውድ ልጄ አስቴር፣

የዚያ አገር ጨለማ ይቅለልልሽ፤ የዚህ አገር ፀሐይ ግማሹን ልላክልሽ ብል ፖስታ ቤቱ አይቀበልም። ስላዘገየሁ አትቀየሚኝ። ወረቀቶችሽን አውቶቡስ ተራው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሃያ ሰው ተሰለፈ። የቀበሌ ማስታወቂያ መስሏቸው ነው። ምንም እንደማይታደል ብናገርም ሰልፉን የበተነ የለም፤ ከኋላ የመጣ እንዳይቀድማቸው ሰግተው ይመስለኛል።

ማንጎ የምትሸጠው እትዬ ጽጌረዳ የመጀመሪያዋ ነበረች።

«ውሃ። መውጫ። ድንገተኛ።» አነበበች። «ምንድነው ይሄ፣ የሚያያዝ ነገር የለውም።»

«ፈተና ነው» አልኳት።

«አንተን ነው የሚፈትኑህ?»

«አዎ።»

«ወደቅክ?»

«ውጤቱ አልመጣም።»

«በዚህ ዕድሜህ» አለችና ማንጎ መርጣ ሰጠችኝ። አልተቀበልኩም ማለት አልችልም።

የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎችም መጡ። አንድ የጎጃም ልጅ ያንቺን ከአርባ አምስት እርምጃ አነበበው፤ የኔ ጋ ሲደርስ «ይሄኛው ሥዕል ነው?» አለ። አማካዩን አወጣሁት፤ ያንቺ አርባ አንድ፣ የኔ አሥራ ሦስት። እግሬ አድልቶ እንደሆነ ብዬ ሌላ ሰው አስለካሁ። ያንቺ አርባ አንድ፣ የኔ አሥራ ሁለት ሆነ። ሰው ማስለካቱን ተውኩት።

የክሊኒኩን ጽሑፍ በተመለከተ፣ ፀሐይ ጎድቶታል። ምን ይመስል እንደነበር አሁን መናገር ያስቸግራል።

ብሩሹ ካልተገኘ ግድ የለም፤ ከተገኘ ግን ስድስት ቁጥር መሆኑን አትርሺ።

አጵሎስ


አርንሄም
የካቲት 24 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለጋሽ አጵሎስ፣

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይጉደል። ውጤቱን ለመምህሬ አሳየሁት፤ አርባ አንድ የሚለውን ቁጥር በቀይ እስክርቢቶ ከበበው። እትዬ ጽጌረዳን ይሳሙልኝ። ብሩሹን በዚህ ፖስታ ልኬያለሁ፤ ጠጉሩ የቀበሮ ነው አሉኝ፤ ይነቀል አይነቀል እርስዎ ይፍረዱ።

ስለ ክሊኒኩ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩዎት። አንዴ ፊልም አለቀ፤ አንዴ ፀሐይ ጎዳው። አርባ ምንጭ ውስጥ ስንት ታፔላ ጸሐፊ እንዳለ አውቃለሁ፤ ሁለት ነው፤ ሁለተኛው የመኪና ሰሌዳ ቁጥር ብቻ ነው የሚጽፈው።

ማን ጻፈው? አራተኛ ጊዜ አልጠይቅም።

አስቴር


አርባ ምንጭ
ሰኔ 30 ቀን 1989 ዓ.ም.

ልጄ አስቴር፣

ጌታ ይህን የምታነቢበትን ጉልበት ይስጥሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ወር አልፏል፤ ፖስታ ቤቱን አትውቀሺ።

የክሊኒኩን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በ1985 ነው። ኃላፊው ግልጽ ያለ ጽሑፍ እፈልጋለሁ አለኝ። ግልጽ ጽሑፍ ማንም ይጽፋል፣ ለሕመምተኛ ዓይኑ የሚያርፍበት ነገር ያስፈልገዋል አልኩት። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ቀይ ፊደል፣ ዙሪያውን ቢጫ፣ ከሥሩ ጥቁር ጥላ፣ መደቡ ሰማያዊ። የ«ድ»ን አንገት እንደ ወፍ አጠፍኩት። የ«ኛ»ን እግር ሐረግ አደረግሁትና ሐረጉን እስከ ቃሉ መጀመሪያ መልሼ አመጣሁት። ሙሽሮች ከፊቱ ቆመው ፎቶ ይነሡ ነበር፤ ክሊኒክ መሆኑን እያወቁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደሱ ያማረ ጽፌ አላውቅም።

በቀብሯ ማግስት ሄጄ ለካሁት። አንቺ ለኩልኝ ከማለትሽ ከብዙ ወር በፊት ነው። ጽሑፌ የሚነበበው ከዘጠኝ እርምጃ ነው። አግዳሚው ያለው ከሃያ ሁለት እርምጃ ላይ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጬም አየሁት። የጻፍኩት እኔ እንኳ ምን እንደሚል የማውቀው አስቀድሜ ስለማውቀው ነው እንጂ ስላነበብኩት አይደለም።

በጥቅምት የአንድ መነጽር ያደረገ ሰው ምስጋና ብዬ የጻፍኩልሽ ምስጋና እንዳልነበረ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ምስጋና ይሁንልኝ ብዬ ጻፍኩት። ደብዳቤ ላይ እንዲህ ማድረግ ይቻላል፤ በር ላይ ግን አልሆነም።

እናትሽ በሁለት ዓመት ትበልጠኝ ነበር። ልጆች ሆነን ከብት ስናግድ፣ ጭቃ ላይ በእንጨት ስሟን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ልክነሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት የሰው ስም ነው። እንዳይጠፋ ብላ ዙሪያውን በድንጋይ አጠረችው።

ብሩሹ ደርሶኛል። ከወረቀቱ አላወጣሁትም። ከእንግዲህ ምንም እንዳትልኪልኝ።

አጵሎስ


አርንሄም
ታኅሣሥ 11 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለአቶ አጵሎስ ካሱ፣

ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

መልስ ሳልጽፍ አምስት ወር አልፏል። ይቅር ብዬዎታለሁ ብዬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩ። ይቅር አልልዎትም ብዬም አንድ ጊዜ ጀምሬ ነበር፤ እሱንም ቀደድኩ። የተረፈው ይህ ነው።

በሐምሌ ተመረቅኩ። ፊደሉ አልቋል። ነጩ ሰፍቷል፣ የ«ኛ» ቆብ ከገላው ተለይቷል፣ የ«ድ» ጭረት ወፍሯል። እዚህ ያለ አንድ ድርጅት ለባቡር ጣቢያዎች ጽሑፍ እንድሠራ ቀጥሮኛል። ወደ ቤት የምመለስበትን ቀን የሚጠይቀኝ እማዬ ብቻ ነበረች፤ አሁን የሚጠይቅ ስለሌለ አልወሰንኩም።

በዚህ ጥቅልል ውስጥ «ድንገተኛ ሕክምና» የሚለውን በሙሉ ልኩ ስዬ ልኬያለሁ። ክሊኒኩን በደብዳቤ ጠይቄ ፈቅደዋል። አሮጌውን አውርደው ይህን ላሜራ ላይ ይጻፉት። ነጭ በጥቁር ሰማያዊ ላይ። ጥላ የለውም፣ ዳር የለውም፣ ሐረግ የለውም። አንዲት ነጥብ እንዳይጨምሩበት።

ከዚያ እማዬን የተሸከሙትን አራቱን ሰዎች ያስመጧቸው። ያን ቀን የተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ያስቀምጧቸውና እነሱ ያንብቡት። ኦይታ ቤት ግድግዳ ላይ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ተሰቅሎ በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ሌሎቹም በዘመቻው ክረምት አብረውት ተምረዋል። ከተቀመጡበት ካነበቡት፣ ከእርስዎ ጋር የምነጋገርበትን መንገድ እፈልጋለሁ። የተበላሸ ነገር ነበር፣ ተስተካከለ ማለት ነውና። ካላነበቡት ግን ጥፋቱ የኔም ሆኗል።

ለሌላ ሰው ፈተና አልፌያለሁ። የቀረኝ ይህ ነው።

አስቴር


አርባ ምንጭ
መጋቢት 19 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስቴር፣

አቶ ብለሽ ብትጽፊልኝም እኔ ልጄ ከማለት ሌላ አላውቅምና ታገሺኝ። አምላክሽ በሰው አገር ብቻሽን በምታዝኚበት ቀን ከጎንሽ ይቀመጥ።

እንዳዘዝሽው ጻፍኩት። የላክሽው ብሩሽ ያኔ ከወረቀቱ ወጣ። ግማሽ ቀን ብቻ ነው የፈጀው፤ ለኔ ውርደት ነው፤ ለሥራው ግን መልካም ነው። እጄ አራት ጊዜ ጥላ ሊጨምር ሄዶ አራት ጊዜ መለስኩት። አሮጌውን አውርጄ ቤት አመጣሁት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቁሜዋለሁ።

አዲሱን የክሊኒኩ ዘበኛ ከሃምሳ ሁለት እርምጃ አነበበው። ከምዕራብ ዓባያ ልጇን ይዛ የመጣች ሴት ከበሩ ሳትገባ፣ ከመንገዱ ማዶ ሆና አነበበችው። ቀና አለች፣ አነበበች፣ ሄደች። ስለ ባቡር ጣቢያው የጻፍሽልኝ ትዝ አለኝ። ፊደልሽ ጥሩ ነው። ይህን የምልሽ ስላሳደግሁሽ አይደለም፤ ተመቅኝቼ ነው።

አራቱን ሰዎች ለማምጣት ቅዳሜ በጨንቻ ገበያ መኪና ወጣሁ። አንቺ ፈልገሻል ስላቸው አላንገራገሩም። በማግስቱ እንደ ለቅሶ ደራሽ ቡልኳቸውን ለብሰው ወረዱ። ክሊኒኩ ግቢ ሲገቡ ማንም ሳያሳያቸው ሄደው ያንኑ አግዳሚ ያዙ፤ የተቀመጡትም ያን ቀን በተቀመጡበት ተራ ነው መሰለኝ፣ ኦይታ በስተቀኝ ዳር፣ በእግራቸው ሥር የአንድ ቃሬዛ ስፋት ቦታ ትተው። ያን ቦታ ረግጬ ማለፍ አልቻልኩምና ዞሬ ሄድኩ።

ከዚያ የሆነውን ሳልነግርሽ በፊት አንድ ነገር ልበል። የኔ ጽሑፍ ከዘጠኝ እርምጃ ብቻ ይነበብ ነበር፤ ይህ አልተለወጠም፤ የኔ ነው፤ ከማንም ጋር አልካፈለውም። ካነበቡት እንነጋገራለን፣ ካላነበቡት ጥፋቱ የኔም ነው ብለሽ ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሦስት ሳምንት አስቤ መወሰን ስላልቻልኩ እንዳለ እጽፍልሻለሁ። በጋሞኛ የተባባልነውን ነው በአማርኛ የማስቀምጥልሽ።

ኦይታ ቀና ብሎ ብዙ አየ። «ንጹሕ ነው» አለ።

ሦስቱም ንጹሕ ነው አሉ። አንደኛው «የልክነሽ ልጅ ናት የሠራችው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። «እጇ ይባረክ» አሉ፣ በአንድ አፍ።

«ያን ቀን ለምን እዚህ ተቀመጣችሁ?» አልኩ።

«ሰው የተቀመጠበት ተቀመጥን» አለ ኦይታ። «ቀድሞን የመጣ ሰው አለ። አልፎ መግባት ነውር ነው። እሷም ያለችን ይህንኑ ነው፤ ተራችን ይደርሳል አለች።»

ይህን ወልደየሱስ አልጻፈልሽም ይሆናል። ያን ጊዜ ገና ትናገር ነበር።

አንቺ ያዘዝሽኝን መጠየቅ ነበረብኝ። «ከዚህ ሆናችሁ ታነቡታላችሁ?»

ኦይታ ወደ ጓደኞቹ አየ። ከዚያ ወደኔ። «ምን ይላል?»

«ድንገተኛ ሕክምና ይላል።»

«ያኔስ ምን ይል ነበር?»

«ያኔም ይህንኑ።»

ራሱን ነቀነቀ። ቡልኮውን ሰብስቦ እንደገና ቀና አለና፣ ቅድም ካየው ይልቅ ረዘም አድርጎ አየው። ስለ ምስክር ወረቀቱ ጠየቅኩት። እውነት ነው፣ ያን ክረምት ስሙን ይጽፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ቀያቸው የሚነበብ ነገር እንዳልመጣ ነገረኝ፤ መዝሙሩን በቃሉ ነው የሚያውቀው፤ መጽሐፉን የሚይዘው ሌላው ስለያዘ ነው። ሻይ ጋብዣቸው በስምንት ሰዓቱ መኪና ተመለሱ።

በጥቅልሉ ውስጥ የላክሽልኝን የመመዝገቢያ ቅጽ ሞልቼ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። የዘበኛው፣ የሴትዮዋና የሌሎች አሥራ ሰባት ሰዎች እርምጃ ተጽፏል። የአራቱን መስመር ባዶ ትቼዋለሁ። አራቱም ማንበብ አይችሉም፤ ያን ቀንም አይችሉም ነበር።

አጵሎስ